ከፋዩ ሌላ፣ አድማጩ ሌላ

ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር። ዓመቶቹ «በእኛ አቆጣጠር» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።



ተማሪ ሳለሁ ለአንድ የውጭ አገር ሬዲዮ ጣቢያ ደብዳቤ ጽፌ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የውጭ ሬዲዮ የሚከታተል ሰው መስኮቱን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ነው የሚሰማው። የአባቴ ሬዲዮ ድንጋዩ ሲደክምበት አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፤ ለሁለት ለሦስት ምሽት ነፍስ ይዘራልናል።

ደብዳቤዬ ሁለት ገጽ ነበር። በመጀመሪያው ገጽ ስርጭቱ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሚደርስ በአምስት ቁጥሮች አስቀመጥኩ። የአጭር ሞገድ ወዳጆች ይህን ዘዴ «ሲንፖ» ይሉታል። ለሞገዱ ጉልበት፣ ለሌላ ጣቢያ ጣልቃ መግባት፣ ለጫጫታው፣ ለድምፁ መዋዠቅና ለጠቅላላ ጥራቱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። እኔ 34433 ብዬ ጻፍኩ። በሁለተኛው ገጽ ደግሞ ቅሬታዬን አሰፈርኩ። ዜና አንባቢው የአውራጃችንን ስም አጣሞ መጥራቱ ሳያንስ ነቅሎ ወስዶ ሌላ ክፍለ ሀገር ውስጥ ተክሏት ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ የሚያምር ካርድና የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ መጣልኝ። ስለ አምስቱ ቁጥሮች ብዙ ምስጋና አለው። ስለ አውራጃችን ግን አንድም ቃል የለም፤ በሬዲዮውም አውራጃችን በተተከለችበት ቀረች። ቀን መቁጠሪያውን እናቴ የዕቃ መደርደሪያ አለበሰችበት።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያ ሁለተኛ ገጽ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ የማይወድ ጣቢያ የለም። መሐንዲሱ ማሰራጫውን ወደየት ማዞር እንዳለበት፣ 25 ሜትር ባንዱ ይሻል ወይስ 31 እንደሆነ የሚያውቀው ከዚያ ነው። ሁለተኛው ገጽ የሚሄደው ግን ወደ አዘጋጁ ጠረጴዛ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚደረግበት ለማወቅ ደግሞ ጣቢያው የማን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይላል።

በአገሩ ጣቢያ ቅር የተሰኘ ሰው የሚሟገትበት ነገር አያጣም። ወይ ግብር ይከፍላል፣ ወይ ማስታወቂያ የሚያስነግረው ነጋዴ ደንበኛ ነው። ወደ ውጭ አገር በሚያሰራጭ ሬዲዮ ግን ከፋዩ ሌላ፣ አድማጩ ሌላ ነው። የአሜሪካ ድምፅን በጀት የሚመድበው የዋሽንግተኑ ኮንግረስ ነው። የጀርመን ድምፅን የሚደጉመው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። የቢቢሲን ዓለም አቀፍ አገልግሎት ወጪ እስከ 2014 ድረስ የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይሸፍን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዋናው ሸክም የእንግሊዝ ቤተሰብ በሚከፍለው የቴሌቪዥን ፈቃድ ላይ ወድቋል። የወሎ ገበሬ ከእነዚህ ለአንዱም ሰባራ ሳንቲም አላዋጣም፤ አዋጣ ያለውም የለም። በእጁ ያለው ሥልጣን የሬዲዮውን ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው። ቁልፍ ሲዞር ደግሞ ለንደን አይሰማም።

ይህ ነገር ገና ከጅምሩ ፈተና ሆኖ መጣ። የሙሶሊኒ መንግሥት ከ1934 ጀምሮ ከደቡብ ኢጣልያዋ ከተማ ከባሪ በዓረብኛ ያሰራጭ ነበር። በዓመቱ አገራችንን ሲወርር ጣቢያው ሥራው በዛ፤ እንግሊዝ በፍልስጥኤም የምታደርገውን እያነሳ ዓረቡን ያነሣሣ ጀመር። ለንደንም መልስ ያስፈልጋል ብላ ቢቢሲ ከእንግሊዝኛ ውጭ የመጀመሪያው የሆነውን የዓረብኛ ዝግጅት ጥር 3 ቀን 1938 ከፈተ። በዚያው ዕለት፣ በመጀመሪያው የዜና እወጃ ውስጥ፣ የእንግሊዝ ጦር ፍርድ ቤት የፈረደበት አንድ የፍልስጥኤም ዓረብ አካ ከተማ ውስጥ መሰቀሉ ተነገረ።

የምርቃት ቀን የሚነገር ዜና አይመስልም። የሳዑዲው ንጉሥ ኢብን ሳዑድ ሰምተው ክፉኛ ማዘናቸውን በጂዳ የነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ ለለንደን ጻፈ። የአድማጭ አስተያየት ማለት ይህ ነው፤ በቴምብር ፋንታ በዲፕሎማት ቦርሳ መጣ እንጂ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ተቆጣ። ከባለሥልጣኖቹ አንዱ ሬክስ ሊፐር የተከራከረው፣ ቀጥተኛ ዜና ሲባል በአድማጮቻችን ዘንድ የሚጎዳንን ዜና ይጨምራል ማለት አይደለም ብሎ ነው። ቢቢሲ በበኩሉ፣ የማያስደስተውን እየዘለሉ መሄድ እውነትን ማፈን ስለሆነ ከደንባችን ጋር አይሄድም የሚል መልስ ሰጠ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የቢቢሲ የጀግንነት ታሪክ አድርጎ ያወራዋል። እኔ የሚያስገርመኝ ሌላው ነገር ነው፤ ሁለቱም ወገኖች በአድማጩ ስም ነው የተከራከሩት። አንዱ «አድማጩ ይቀየመናል» አለ። ሌላው «አድማጩ ያንኑ ወሬ ከባሪ ሲሰማው ደብቃችሁኛል ይለናል» የሚለውን ስሌት ይዟል። ንጉሡ ግን ዜናው ሐሰት ነው አላሉም፤ ያዘኑት እውነት ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለው ሐዘን ለአዘጋጁ የሚነግረው ነገር ቢኖር ዜናው ከአድማጩ መድረሱን ነው።

አሁን ወደ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ልውሰዳችሁ፤ ጊዜዬን የምሰጠውም ለእሱ ነው። ከ1949 እስከ 1974 የቢቢሲ ጀርመንኛ ክፍል «ደብዳቤ ያለ ፊርማ» የሚባል ዝግጅት ነበረው። ዓርብ ማታ፣ ሃያ ደቂቃ። ደብዳቤዎቹ የሚመጡት ከምሥራቅ ጀርመን ነው። ዝግጅቱን ለረጅም ዓመታት የመራው ኦስቲን ሃሪሰን የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ሲሆን፣ ጸሐፊዎቹ የት እንዳሉ ለማንም ሳይነግሩ እንዲጽፉለት በምዕራብ በርሊን የሚገኙ የሽፋን አድራሻዎችን በአየር ላይ ያነብ ነበር። አድራሻው ሲነቃበት ይለወጣል። አድማጩ ለራሱ የብዕር ስም ያወጣል፤ ዓርብ ማታ ያ ስም ሲጠራ «ደረሰልኝ» ይላል።

የሰዎቹ ጽሑፍ ስለ ቡና መጥፋት ነው፤ ስለ ወረፋ ነው፤ ልጃቸው በትምህርት ቤት ስለሚማረው ውሸት ነው፤ ከ1961 በኋላ ስለ በርሊን ግንብ ነው። እንግሊዞቹን የሚሳደብም፣ የሶሻሊስቱን መንግሥት የሚያወድስም ይመጣል፤ ሃሪሰን እሱንም አንብቦ ይመልስለታል። በእኔ ግምት ዝግጅቱን ያጸናው ይኸኛው ክፍል ነው። የስድቡን ደብዳቤ ባያነብ ኖሮ የቅሬታውን ደብዳቤ ማን ያምነው ነበር? አንድ ወገን ብቻ የሚጽፍበት የደብዳቤ ዝግጅት ለአድማጩ የተፈበረከ ይመስለዋል።

የምሥራቅ ጀርመን ምሥጢራዊ ፖሊስ፣ ሽታዚ፣ ይህን ዝግጅት እንደ ስለላ ድርጅት ነው ያየው። ሃሪሰንን ሰላይ ነው ብሎ ተከታተለው። ደብዳቤዎቹን ከፖስታ ቤት እየለቀመ የእጅ ጽሕፈት አመሳከረ፤ ፖስታው ላይ የቀረ ምራቅ ሳይቀር መረመረ። በሰሜን ግራይፍስቫልድ የምትባል ከተማ የሚኖር አንድ ተማሪ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በ1970 ተገኝተውበት ተያዘ፤ ገና ወጣት ሳለ የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት።

በአዘጋጁ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ደብዳቤው በጣም ጥሩ ነው፤ መንደሩን፣ ፋብሪካውን፣ የፓርቲውን ጸሐፊ ጠባይ ሳይቀር ይነግራችኋል። ደብዳቤውን ጥሩ ያደረጉት እነዚህ ዝርዝሮች ጸሐፊውንም የሚያስይዙ ናቸው። መንደሩን ብታወጡት አድማጩ «የትም የሌለ ወሬ» ይላችኋል፤ ብትተዉት ሰው ይታሰራል። ጸሐፊው ራሱ ሽታዚ ሊሆንም ይችላል፤ ፊርማ የሌለውን በምን ታጣሩታላችሁ? ለዚህ የተጻፈ ደንብ አይበቃም፤ በየደብዳቤው መወሰን ነው። ዛሬ ከግጭት ቦታ በስልክ ድምፁን ቀድቶ የሚልክ ሰው የገባው ጣጣ ያው ነው፤ ልዩነቱ ምራቁ የስልክ ቁጥር መሆኑ ነው። ወደ 40 ሺህ የሚሆኑ እነዚያ ደብዳቤዎች አሁን በቢቢሲ የጽሑፍ ማኅደር፣ እንግሊዝ አገር ካቨርሻም ውስጥ ተቀምጠዋል። የጀርመን ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ተራው ሰው ኑሮ ሊያነቡ የሚሄዱት ወደ ባዕድ አገር የሬዲዮ ጣቢያ ካርቶን ነው።

የእኛም ከተማ ለሌሎች አገሮች አፍ የነበረችበት ጊዜ አለ። የሉተራን የዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ድምፅ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 19 ቀን 1955 በንጉሠ ነገሥቱ ተመርቆ ከአዲስ አበባ ለአፍሪካና ለእስያ ያሰራጭ ጀመር። ደንቡ 30 በመቶ ስብከት፣ 70 በመቶ ዜና፣ ትምህርትና ሌላ ዝግጅት ነበር። ማሰራጫው እዚህ ሆኖ ዝግጅቶቹ የሚቀረጹት ብዙውን ጊዜ በየአድማጩ አገር ባሉ ስቱዲዮዎች ነው፤ ቴፑ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይመጣና ከዚህ ወደ ሰማይ ይለቀቃል። በዚህ አሠራር የማዳጋስካሩ ወይም የካሜሩኑ አድማጭ የሚጽፈው ቋንቋውን ለሚናገር፣ ገበያውን ለሚያውቅ ለአገሩ ሰው ነው። እኔ እንደ ትልቅ ጥበብ እቆጥረዋለሁ። የአድማጭ ደብዳቤ ወደ ሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ አለቃ ጠረጴዛ እስኪደርስ ድረስ ቁጣው ተኖ፣ ቀልዱ ጠፍቶ «አድማጮች ቅሬታ አቅርበዋል» የሚል አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል። ጣቢያው በእኛ አቆጣጠር በ1969 መጋቢት ወር በደርግ ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ፤ የዚያ ምዕራፍ ታሪክ ሌላ ንግግር ይፈልጋል።

አሁን የሚጽፈው ማን ነው ወደሚለው እንምጣ። ከሚሰማው ሕዝብ እጅግ ጥቂቱ ነው የሚጽፈው፤ እሱም መጻፍ የሚችል፣ ቴምብር መግዛት የሚችል፣ የማይፈራ፣ ብዙውን ጊዜም ወንድ ነው። ሚስት ቡና እያፈላች ትሰማለች፤ አስተያየቷን የሚሰማው ባሏ ነው። ስለዚህ የደብዳቤን ክምር እንደ ሕዝብ ድምፅ የሚቆጥር አዘጋጅ ይሳሳታል።

ከርቀት ከሚመጣው ችግር ከቅርበት የሚመጣው ይብሳል። የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ዝግጅት በ1982 ሲጀመር የተከፈተው ለኢትዮጵያ አድማጭ ነው። በ1948 የወጣው ስሚዝ-መንት የተባለው ሕግ ጣቢያው ለአሜሪካ ሕዝብ እንዳያሰራጭ ይከለክል ነበር፤ ሕጉ የላላው በ2013 ነው። ሆኖም ዋሽንግተን ማለት፣ ታውቁታላችሁ፣ ግማሽ መርካቶ ናት። ጋዜጠኛው ከስቱዲዮ ሲወጣ የሚሳፈርበት ታክሲ ሹፌር ኢትዮጵያዊ ነው፤ እንጀራ የሚገዛበት ሱቅ ባለቤት ኢትዮጵያዊ ነው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚጠብቀው ሰው «ትናንት ያንን ሰውዬ ለምን አቀረብከው?» ይለዋል። በቀድሞው ሕግ ዓይን እነዚህ ሰዎች ጨርሶ የጣቢያው አድማጮች አልነበሩም። አስተያየታቸው ግን ትኩስ ነው፣ ፊት ለፊት ነው፣ በየቀኑ ነው። የታሰበለት አድማጭ ከሰቆጣ ገጠር ምን እንዳለ የሚታወቀው፣ ከታወቀ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ማንም ክፉ ሰው ሳይኖር፣ ማንም ትእዛዝ ሳይሰጥ፣ ሚዛኑ ወደ ቅርቡ ጯኺ ያዘነብላል። አንድ አዘጋጅ ከባለሥልጣን ግፊት ራሱን ቢከላከል የሚያደንቀው አያጣም፤ ከእንጀራ ሻጩ ግፊት ራሱን ሲከላከል ግን የሚያየው የለም።

ባለሥልጣንም አድማጭ ነው፤ እንዲያውም ከሁሉ የማይታክተው እሱ ነው። በመጋቢት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት የሩዋንዳውን እልቂት ካራገበው ከሚል ኮሊን ሬዲዮ ክፉ ሥራ ጋር አመሳስለው፣ ስርጭቱን ማፈን ከተቻለ እንዲታፈን እንደሚፈቅዱ በጋዜጠኞች ፊት ተናገሩ። በእኔ አመዛዘን የሚል ኮሊን ክስ ቀላል ክስ አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰው የትኛው ዝግጅት፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ተብሎ ብሎ ማቅረብ ነበረበት። የማፈኛ መሣሪያ የሚሰጠው መልስ ለጥሩውም ለመጥፎውም ዝግጅት አንድ ዓይነት ነው፤ ሽሽሽ የሚል ድምፅ።

በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ተነሥቶ ነበር፤ እሱም ስለ እኛ ነው። የቢቢሲ ዓለም አቀፍ አገልግሎት «አሳይንመንት» በተባለው ዝግጅቱ፣ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) በአማፂያን እጅ በነበረው የትግራይ አካባቢ ለእርዳታ የገባ ገንዘብ ለጦር መሣሪያ ዋለ የሚሉ የቀድሞ የሕወሓት ሰዎችን አቀረበ። ወሬው ከዝግጅቱ ወጥቶ በሌሎቹ የቢቢሲ ዜናዎች ሲዞር፣ ገንዘቡ ሙዚቀኛው ቦብ ጌልዶፍና ጓደኞቹ በባንድ ኤድና በላይቭ ኤይድ የሰበሰቡት ነው ወደሚል ተንሸራተተ። ጌልዶፍ ተቆጣ፤ የባንድ ኤድ ተቋም አቤቱታ አቀረበ። የቢቢሲ የቅሬታ ክፍል መርምሮ፣ የቀረበው ማስረጃ ስለ ባንድ ኤድ ገንዘብ እንዳልነበረ ወሰነ፤ በኅዳር 2010 ቢቢሲ በሬዲዮውም በቴሌቪዥኑም ይቅርታ ጠየቀ።

ይህን ጉዳይ የምወደው ስሕተቱ የት እንደተፈጠረ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይበት ነው። ሰዎቹ ስለ አንድ ቦታና ስለ አንድ ጊዜ መሰከሩ። አዘጋጁ ለአድማጭ የሚታወቅ ስም ፈለገ፤ «ባንድ ኤድ» ሲባል ለንደን ጆሮዋን ታቆማለች። ምስክርነቱ ከቦታው ተነቅሎ ሌላ ክፍለ ሀገር ተተከለ፤ እንደ አውራጃችን። አቤቱታው ያሸነፈው ግን ጠበቃ ያለው፣ ስሙ የገነነ ሰው ስላቀረበው ጭምር መሆኑን አንርሳ። በዚያ ዝግጅት ውስጥ የሚነሡት የትግራይ ገበሬዎች፣ እህሉ ደረሰን ወይም አልደረሰንም የሚሉት፣ ለቅሬታ ክፍሉ አልጻፉም። ይቅርታውስ የሰማው ማን ነው? በመጋቢት ሰምቶ ለጎረቤቱ የነገረ ሰው በኅዳር ሬዲዮ አጠገብ መኖሩን ማን ያውቃል።

የመጨረሻው ነጥቤ የቋንቋችን ነው። እንግሊዝኛ ዜና ሲጽፍ አንድ ግስ አለው፤ ፕሬዚዳንቱም፣ ሽፍታውም፣ እረኛውም ያንኑ ግስ ይካፈላሉ። በአማርኛ «ተናገረ» ወይስ «ተናገሩ» ብለህ ሳትወስን አፍህን መክፈት አትችልም። ትናንት ጫካ የነበረ ሰው «ገለጸ» ይባል ነበር፤ ዛሬ ከተማ ሲገባ «ገለጹ» ሆነ። ይህን ያደረገው የትኛው ስብሰባ ነው? ሞትንማ ተዉት፦ ሞቱ፣ ተገደሉ፣ ተሠዉ፣ ተደመሰሱ፣ አረፉ። አምስቱም አንድ ሬሳ ላይ ይሠራሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን ተናጋሪው በየትኛው ወገን እንደቆመ ይናገራሉ። በ2020 በትግራይ ውጊያው ሲጀመር መንግሥት «የሕግ ማስከበር ዘመቻ» አለው፤ ሌላው «ጦርነት» አለው። ቢቢሲ «አሸባሪ» የሚለውን ቃል የተናገረውን ሳይጠቅስ በራሱ አንደበት ላለመጠቀም ደንብ አለው፤ ለዚህም ከየአገሩ ይሰደባል። ደንቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የተጻፈው ለእንግሊዝኛ ነው። ስለ «አሉ» እና «አለ» የሚል ምዕራፍ የለውም። በዚህ ላይ ለአማርኛው አዘጋጅ መምህሩ የአድማጩ ደብዳቤ ነው፤ «ለእኛ ሰው አንተ፣ ለእነሱ ሰው እርስዎ ማለታችሁ ምንድን ነው?» የሚለው። እኔ አዘጋጅ ብሆን ለማስታወሻ የማስቀምጠው እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ነው፤ የሚያመሰግነውን እናቴ መደርደሪያ ታልብስበት።

ከፋዩ ሌላ፣ አድማጩ ሌላ ብዬ ነበር የጀመርኩት። የቢቢሲ ዓረብኛ ሬዲዮ፣ ያ በስቅላት ዜና የተመረቀው፣ በጥር 2023 ከ85 ዓመት በኋላ ተዘጋ፤ ምክንያቱ የገንዘብ ቁጠባ ነው። በመጋቢት 2025 አጋማሽ ከዋይት ሐውስ በወጣ ትእዛዝ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከሥራ ገበታቸው እንዲርቁ ተደረገ፤ ስርጭቱም ጸጥ አለ።

በዚያ ሳምንት ወሎ ገጠር ያለው አጎቴ ስልክ ደወለልኝ። ሰማንያን ተሻግሯል፤ ሬዲዮውን ከራስጌው አይለይም።

«አንተ ልጅ፣ ደግሞ አፈኑት እንዴ?» አለኝ።

«አይ ጋሼ፣ አሁንስ የዘጉት ባለቤቶቹ ናቸው» አልኩት።

ዝም አለ። እንደማስበው ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ አስጥቶት ነበር።

«ታዲያ» አለኝ፣ «አሁን ለማን ነው የሚጻፈው?»